ቀጥ ያለው መስመር በንዝረት አይነሳም!

ኧረ በቃ! ትናንት ማታ ያየሁት ፊልምም ያንኑ ደገመው። የልብ መከታተያው ላይ መስመሩ ቀጥ አለ። ዶክተሩ ሮጦ መጥቶ በሽተኛውን በኤሌክትሪክ አነዘረው። ሰውየው ዓይኑን ገለጠ፤ ወዲያው ማውራት ጀመረ።

እስከ መቼ ነው ይህን የምታሳዩን? መስመሩ ቀጥ ካለ፣ ማለትም ልብ ጭራሽ ጸጥ ካለች፣ የኤሌክትሪክ ንዝረት እኮ አይሰራም! የሚሰራው የልብ ምት ተዘበራርቆ ልብ እንዲሁ ስትርገበገብ ነው። ጸጥ ላለች ልብ የሚያስፈልገው ደረት መጫንና አድሬናሊን የሚባለው መድኃኒት ነው። ይህን የሚጠይቁት አንድ ነርስ አጡ?

ደረት አጫጫኑንማ ተዉት። ተዋናዩ ክርኑን አጥፎ ደረቱን ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። የአዋቂ ሰው ደረት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ነው የሚጫነው። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል። የሚጫነው ሰው ላብ ያጠምቀዋል፤ በየ2 ደቂቃው የሚቀያየሩትም ለዚህ ነው።

«ፊልም ነው፣ ምን አናደደህ?» ይሉኛል። ያናደደኝማ ሰው ከፊልም ስለሚማር ነው! በ1996 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ልባቸው ከቆመ ሰዎች 75 በመቶው ለጊዜውም ቢሆን ሲነሱ አግኝቷል። በእውኑ ዓለም ከሆስፒታል ውጭ ልቡ ቆሞ የሚተርፈው ከ10 ሰው አንድ ቢሆን ነው።

ከዚያ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቤተሰብ ይጮኻል፦ «ለምን በማሽኑ አላስነሳችሁትም?» ሌሊቱን ሙሉ ደረት ስትጫን ያደረችው ነርስ ምን አጠፋች?