ሦስት ጄኩዌሪ በአንድ ገጽ!

አሁንስ በዛ! ኮዬ ፈጬ ኔትወርኩ አንድ ባር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንድ የምዝገባ ገጽ ሦስት ጄኩዌሪ (jQuery፣ ድረ ገጽ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዝግጁ የጃቫስክሪፕት ኮድ) ያወርዳል። ሦስት! አንዱ ለገጹ፣ አንዱ ለስላይደሩ፣ አንዱ ለቀን መምረጫው። ስሪት 1.12.4 ሚኒፋይ ተደርጎ (ኮዱ ተጨምቆ) እንኳ 97 ኪሎባይት አካባቢ ነው። የሰው ዳታ እኮ በብር ነው የሚገዛው!

ዳታው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? መጨረሻ የገባው ፋይል ጄኩዌሪ የሚጠራባትን የዶላር ምልክት ($) ይነጥቃል። ቀድሞ በገባው ላይ የተሰካው ፕለጊን (ተጨማሪ ኮድ) በዚያው ይቀራል። ኮንሶሉ (አሳሹ ስህተት የሚያሳይበት መስኮት) በቀይ "ፈንክሽን አይደለም" ይላል፤ ቀን መምረጫው አይከፈትም። ተጠቃሚው ኮንሶል የት ያያል? ስልኬ ነው ብሎ አጥፍቶ ያበራል፣ እንደገና ያወርዳል።

ጄኩዌሪ ባለውለታ ነው። በፈረንጆቹ 2006 ሲወጣ፣ አንዱ አሳሽ ላይ የሠራው ኮድ ሌላው ላይ እየተሰበረ መከራ ነበር፤ ገላገለን። ዛሬ ግን ገጹ ላይ ያለን ነገር ፈልጎ የሚያገኘው ኩዌሪ ሴሌክተርም ዳታ የሚያመጣው ፌችም አሳሹ ውስጥ አሉ። አንዲት ሜኑ ለመክፈት ይህ ሁሉ ሸክም ለምን?

የግድ ካስፈለገ አንድ ብቻ ጫኑ፣ እሱም ከ3.5.0 በታች አይሁን፤ ከዚያ በፊት ያሉት የታወቀ የደህንነት ቀዳዳ አለባቸው። ከ1.12 ስትሸጋገሩ ማይግሬት የሚባለውን ፋይል ለጊዜው ጨምሩና ኮንሶሉ የሚያስጠነቅቀውን አንድ በአንድ አርሙ። ደግሞ እባካችሁ፣ ገጹን ከመልቀቃችሁ በፊት አሳሹ ውስጥ የወረደውን ፋይል ሁሉ የሚያሳየውን የኔትወርክ ታብ አንዴ ክፈቱት!