እርማት፦ ሲስተም ስለተገናኘ ብቻ ሂሳብ አይዘጋም

«የማጓጓዣ ሶፍትዌሩ ከሂሳብና ከደንበኛ አስተዳደር ሲስተሙ ጋር ከተገናኘ ሂሳቡ በራሱ ይዘጋል» ላልከው ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ግን ልክ ያልሆነ ነገር ነው። ማገናኘት መረጃ ያሻግራል እንጂ ሂሳብ አያስታርቅም፤ ማለትም የተመዘገበውን በትክክል ከገባውና ከወጣው ገንዘብ ጋር አያመሳክርም።

የመላኪያውን ክፍያ ብቻ እንይ። ደንበኛው ለመላኪያ 100 ከፈለ እንበል። ሌብሉ (ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የመላኪያ ወረቀት) ሲታተም አንተን 80 አስከፈለህ። ከቀናት በኋላ አጓጓዡ ጥቅሉን ይመዝንና «ክብደቱ ከተመዘገበው ይበልጣል» ብሎ 15 ይጨምርብሃል። 100ው ገቢ ነው፤ 80ውና 15ቱ ወጪ። ብዙ ማገናኛዎች ትዕዛዙን ያሻግራሉ፤ ያቺን የኋላ ጭማሪ ግን ከአጓጓዡ ኢንቮይስ ላይ ፈልጎ የሚያስገባት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ባንክ የሚገባው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ኮሚሽን ተቆርጦለት፣ የብዙ ትዕዛዝ ክፍያ ባንድ ላይ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ከነጠላ ትዕዛዝ ጋር አይገጥምም።

በደንበኛው በኩል ደግሞ አንድ ሰው በሁለት ኢሜይል ካዘዘ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ደንበኛ ሆኖ ቁጭ ይላል።

እና ሳታገናኝ በፊት አድራሻ ሲቀየር የትኛው ሲስተም የበላይ እንደሚሆን ወስን። ካልወሰንክ አሮጌው አድራሻ አዲሱን ሊደመስሰው ይችላል፤ ያኔ ዕቃው ደንበኛው ወደለቀቀው ቤት ይሄዳል።