በጓሮ የመጣ እንግዳ

የአክስቴ ልጅ ከፈረንሳይ መጣ። አቦሉን ጠጥተን ሳንጨርስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየን ጀመር። ሳምንት ሙሉ በጀልባ የዞረበት ገጠር ነው። ካናል ዱ ሚዲ ይባላል። ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የሚደርስ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ 240 ኪሎ ሜትር ቦይ። ጀልባዋ ወጥ ቤት አላት፣ መኝታ አላት፣ ሽንት ቤት አላት። እኛ አቃቂ ሦስቱንም ለብቻው የያዘ ኪራይ ቤት ያገኘ ሰው ድግስ ይደግሳል።

«መንጃ ፈቃድስ?» አልኩት።

«አያስፈልግም። ትንሽ አሳይተውህ ቁልፉን ይሰጡሃል።»

እናቴ አማተበች።

«አይዞሽ አክስቴ፣ ቦዩ ላይ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ክልክል ነው።»

እኔ ጠዋት ጠዋት ከቃሊቲ መስቀል አደባባይ የምሄድበትን ፍጥነት አሰብኩና ዝም አልኩ።

ቦዩን ያስቆፈረው ሰውዬ ፒየር ፖል ሪኬ ይባላል። የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። የራሱን ሀብት አፍስሶበት፣ ዕዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ቦዩ በፈረንጆቹ 1681 ሊከፈት ወራት ሲቀሩት ሞተ። እዚህ ላይ የእድራችን ዳኛ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ግብር ሰብሳቢ ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከኪሱ አውጥቶ?»

«አዎ።»

«በል ቀጥል» አሉት፣ ማመናቸውን ግን እዚያው አቆሙ።

ዳገት ሲያጋጥም ጀልባዋ በፊትም በኋላም በር ወዳለው ገንዳ ትገባለች። የኋላው ይዘጋል። ከላይ ውሃ ይለቀቅና ጀልባዋ እንደ ቦካ ሊጥ ከፍ፣ ከፍ ትላለች። ከዚያ የፊቱ ይከፈታል። ጋሼ «ኬላ ነዋ!» አሉ። ይህችን አመኑ።

ነገሩ በወሬ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልጁ ግን ካርታ ከፈተ። «እናንተም እኮ ወንዝ አላችሁ!» እውነቱን ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ አፋር ድረስ ሄዶ፣ ባሕሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ቪዛ እንደተከለከለ ሰው።

ጀልባ ፍለጋ ወጣን። ጣና ቢሆን ታንኳ አይጠፋም ነበር። ባሮም ቢሆን በዘመኑ ክረምት ክረምት ከጋምቤላ እስከ ካርቱም መርከብ ያመላልስ ነበር። አቃቂ ላይ ያገኘነው የተነፋ የጭነት መኪና ጎማ ነው፤ እሱንም ባለቤቱ መያዣ ካላስያዛችሁ አለ።

ጀልባው ሳይገኝ ወሬው ደረሰ። ማታ ላይ «ከውጭ የመጣ ባለሙያ ወንዙን በጀልባ ሊለካ ነው» ተባለ። አንድ ደላላ «ውሃ ዳር ቦታ አለኝ» ብሎ ደወለ። አጥሩን በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ ወንዙ ሲገፋ የኖረ ጎረቤታችን ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲነቅል አደረ። ደንብ አስከባሪ አስር ጊዜ ተመላልሶ ያላስነሳውን አጥር፣ የሌለ ጀልባ በአንድ ሌሊት አስነሳው።

ጠዋት በእግራችን ወረድን። ጎማውን ተሸክመናል፤ አየር ወለድ እንጂ ባሕረኛ አንመስልም። ልጁ ውሃውን አየ። አሸተተ። ጎማውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ዳር ላይ ግን ጎመን በቅሏል። አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ጎመን።

«የትናንት ማታው ጎመን ከየት ነበር?»

«ከገበያ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በእሱ ፎቶ ላይ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሮ፣ መስኮቱ ላይ አበባ ደርድሮ ቆሟል። እኛ ጋ ቤቱ ሁሉ ፊቱን ለአስፋልት፣ ጀርባውን ለወንዝ ነው የሰጠው። በአስፋልት የመጣ በረንዳ፣ ሴራሚክና የብረት በር ያያል። በወንዝ የመጣ ቱቦ፣ የዶሮ ላባ፣ የተሰበረ ባልዲና የአሮጌ ፍራሽ ሆድ ያያል። እኔ ራሴ ስንቱን ፌስታል በአጥር ላይ ወርውሬ «ሄደ» ብያለሁ። የት እንደሄደ ያን ቀን አየሁት። የኔን ፌስታል ሳውቀው ደግሞ ለልጁ አላሳየሁትም።

እንደዚህ ቆመን ሳለ ከላይ ደፍ! አለ። እጣቢ ነው፤ ለጥቂት ሳተን። ቀና ስንል እትዬ ናቸው፣ የሰፈራችን ጨዋ፣ ሳፋ ይዘው። እሳቸውም አዩን።

«እንዴ! እናንተ ልጆች! በዚህ በኩል ነው እንዴ ሰው ቤት የሚመጣው?»

«እንግዳ ይዤ ነው እትዬ፤ ወንዙን ላሳየው ብዬ...»

«በሉ በሉ! በዋናው በር ዙሩ!» ብለው ከነሳፋቸው ተሰወሩ።

ዞርን። አሥር ደቂቃ ፈጀብን። ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ላይ እኛን ከዚያ በፊት ያየ ሰው ምልክት የለም።

«ውይ የኔ ልጆች! እንኳን ደህና መጣችሁ!» እያሉ ልጁን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ጎማውን አዩና፣ «መኪናችሁ ተበላሸ እንዴ?»