እርማት፦ የሆስፒታል ሶፍትዌር ለውሃ ላቦራቶሪ አይሆንም

«ላቦራቶሪ ሁሉ አንድ ነው፤ የሆስፒታሉን ሶፍትዌር ለውሃ ምርመራውም ተጠቀሙበት» ብለው የጻፉት ወንድሜ፣ ምክርዎ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚጋራው ባይሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

የሕክምና ላቦራቶሪ ሶፍትዌር ሁሉን ነገር የሚያስረው ከታካሚው ጋር ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም። የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) መደበኛ መጠን እንኳ በዕድሜና በጾታ ስለሚለያይ ያለ እነዚህ ውጤቱን መተርጎም አይቻልም። የውሃ ላቦራቶሪ ግን የሚከተለው ናሙናውን ነው፤ ከየት ተቀዳ፣ መቼ፣ በምን ሙቀት ተጓጓዘ፣ በየትኛው ዘዴ ተመረመረ።

ሐዋሳ በሠራሁበት አንድ ላቦራቶሪ የሐይቁን ውሃ በእንዲህ ዓይነቱ ሶፍትዌር እንመዘግብ ነበር። ዕድሜና ጾታ ካልተሞላ አላሳልፍም ስላለ ባልደረባዬ «ስም፦ ሐይቅ፣ ዕድሜ፦ 1፣ ጾታ፦ ሴት» ብላ ሞላች። ሳቅን። ናሙናው ከየትኛው ዳርቻ እንደተቀዳ የሚጻፍበት ቦታ ስናጣ ግን ሳቁ ቀረና ወደ ወረቀት መዝገብ ተመለስን።

ዓለም አቀፉ የጥራት መስፈርትም ይለያያል፦ ለሕክምናው አይኤስኦ 15189፣ ለውሃው ግን ለፍተሻና ለካሊብሬሽን (የመለኪያ መሣሪያን ትክክለኛነት ማረጋገጥ) ላቦራቶሪዎች የወጣው አይኤስኦ/አይኢሲ 17025። ሻጩ ሲመጣ «የሚመዘግበው በናሙና ነው ወይስ በታካሚ?» ብለው ይጠይቁት፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።