ስሟን ለምን ሰረዝከው?

አቦ ዛሬስ በግኜ ነው የገባሁት! እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሳቢያን ድረስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ያ ለቅዳሜ ስለማመደው የከረምኩት «ኢጣሊያ» የሚባለው ዘፈን። ለፕሮግራሙ ሰውዬ ወረቀቱን ሰጠሁት። «ዜማ፦ ፋኒ ሄንዝል» ብዬ የጀርመኗን ዜማ ደራሲ ስም በሚያምር እጅ ጽፌ። እስክሪብቶውን አወጣ፣ ፋኒ የሚለውን ሁለቴ ሰረዘው፣ ከላዩ «ሜንደልሰን» ብሎ ጻፈበት። ያ ሁሉ ሰው እያየ!

«ጋሼ፣ ዜማው እኮ የእሷ ነው» አልኩት።
«ኖታው ላይ የማን ስም ነው ያለው?»
«የወንድሟ፣ ግን...»
«በቃ አለቀ! አንቺ ልጅ፣ ዝፈኚ ስትባዪ ዝፈኚ።»

ከኋላ ሳቁ። አፌ ተሳሰረ። እቤት ስገባ ነው መልሱ የመጣልኝ።

ኖታው ላይ የወንድሟ የፊሊክስ ሜንደልሰን ስም ያለው፣ 12 ዘፈን ሲያሳትም የእህቱን 3 ዘፈን በራሱ ስም አብሮ ስላወጣ ነው! በሚቀጥለውም ሌላ 3 ደገመ። በፈረንጅ 1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥቷ ውስጥ ይቺኑ ዘፈን መርጣ ስትዘፍንለት «የእህቴ ናት» ብሎ አምኗል። እሱ ራሱ ያመነውን አንተ ምን አገባህ? ፋኒ ከ250 በላይ ዘፈን ጽፋ፣ በስሟ በወጉ ማሳተም የጀመረችው በ1846፣ 40 ዓመቷ ላይ ነው። በዓመቱ ሞተች። ሌላዋን ዜማ ደራሲ አልማን ደግሞ ገና ሳያገባት ዜማ ደራሲው ማህለር «ዜማ መጻፍሽን ተዪ» አላት። ይሄን ሳነብ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ይሄን የማጠናው ተመችቶኝ መሰላችሁ? ፒያኖ የለኝም። 61 ቁልፍ ባላት ኪቦርድ ነው፣ ግራ እጄ ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ያልቅብኛል። ባለፈው ሳምንት ኖታ ላሳትም ሄጄ ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ፣ ልጁ ግን የሙሉውን ሂሳብ ተቀበለኝ። በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግቼ ነው የምለማመደው፣ ጎረቤት «ምን ሆና ነው የምትጮኸው?» እያለ።

ደሞ እኮ ይሄው ሰውዬ የፒያኖ ዜማ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌማርያም ያረፉ ጊዜ ፎቷቸውን ለጥፎ «ኩራታችን» ሲል ነበር! የእሳቸውን ስም ቢሰርዙበት ምን ይል ነበር?

ቅዳሜ ልሂድ ልቅር አላውቅም። ደክሞኛል። ወረቀቱ አጠገቤ ነው፣ እስክሪብቶውን ተጭኖ ስለሰረዘው ፋኒ የሚለው ላይ ተቀዷል። በሌላ ወረቀት እንደገና ልጽፈው ስነሳ መብራት ሄደ።