ማስታወቂያውን አይታችሁ የት ጠፋችሁ?

ወገኖቼ፣ በተለይ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ፤ ጉዳዩ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

መጽሐፍ እንወዳለን እንላለን። ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ እልል እንላለን። ቤተ መጻሕፍቱ የውይይት፣ የግጥም ወይም የመጽሐፍ ምረቃ ፕሮግራም አዘጋጅቶ «ኑ» ሲለን ግን የለንም። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ላይክ እናደርጋለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ «አሪፍ ነው» ብለን እንጽፋለን። ቀኑ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ከአዘጋጆቹና ከደራሲው ዘመዶች ሌላ ብዙ ሰው አይገኝም። ድንኳን ጥሎ፣ በሬ አርዶ፣ እንግዳ የቀረበትን የሰርግ ደጋሽ አስቡ።

የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ተመልከቱ። ታኅሣሥ 2014 ሲከፈት ስንት አወራንለት! አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ፊት ለፊት፣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሺህ በላይ አንባቢ እንዲያስተናግድ የተሠራ ቤት ነው። ብዙዎቻችሁ ከመደርደሪያችሁ መጽሐፍ አውጥታችሁ ለግሳችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። ጠዋት በሩ ላይ የሚሰለፉትን ተማሪዎችም አልወቅስም፤ እነሱ ድርሻቸውን እየተወጡ ነው። የምወቅሰው መጽሐፉን ሰጥቶ እግሩን የከለከለውን ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት «የተማሪ ቦታ» የመሰለውን ነው።

ወመዘክርስ? በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ የሀገር ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የሰነድ ቅርስነት የመዘገበልን ጥንታዊ ጽሑፎች ያሉት እዚያ ነው። የመጽሐፍ ወሬ የሚከታተል ሰው «እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በወመዘክር አዳራሽ» የሚለውን ማስታወቂያ በደንብ ያውቀዋል። ሚዩዚክ ሜይዴይ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት እዚያ ያዘጋጃቸው የነበሩት የመጽሐፍ ውይይቶች ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። አንድ ሰው መጽሐፉን በደንብ አንብቦ የመነሻ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ቤቱ ይከራከራል። አንዱ ገጸ ባሕሪውን ይነቅፋል፣ ሌላው ይሟገትለታል፣ አንድ አዛውንት ተነስተው ዘመኑን በዓይናቸው እንዳዩት ይናገራሉ። ደራሲው ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲተች ይሰማል። ይህን ፌስቡክ ላይ አታገኙትም። እዚያ ያለው ስድድብ ነው። እዚህ ግን ሰው የሰውን ዓይን እያየ፣ «ይቅርታ፣ አልስማማም» እያለ ይነጋገራል። ዛሬ እንዲህ መነጋገር ምን ያህል እንደቸገረን እናንተም ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ባዶ ወንበር የሚያንገበግበኝ።

ጊዜ የለንም አትበሉኝ። ለኳስ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን። ኳስ ማየት ጥፋት የለበትም፤ ግን ጊዜ እንዳለን ያሳብቅብናል። ጥበብ አንወድም ማለትም አይቻልም። ራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ሲቀርብ የመግቢያ ከፍሎ አዳራሹን ይሞላ የነበረው የዚሁ ከተማ ሰው ነው። የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። የታክሲ ሰልፉ ከባድ መሆኑን አልክድም። ከሩቅ ሰፈር ለሚመጣ ሰው ትራንስፖርቱ ራሱ ወጪ ነው። እሱን አልጫነውም። ግን አራት ኪሎና ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ የሚውለው ሰውስ?

ስትመጡም ደግሞ በወጉ ኑ። 8 ሰዓት የተባለው 8 ሰዓት ነው። አቅራቢው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ገብቶ ወንበር እያንኳኩ ማለፍ ነውር ነው። ስልካችሁን ዝጉ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ማይክ ይዛችሁ ሌላ ንግግር አትጀምሩ፤ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት አለኝ» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚወስድ ሰው የአሥር ሰው ዕድል ነው የሚበላው። ከደራሲው ጋር ፎቶ ተነስቶ ውይይቱ ሳይጀመር ሹልክ ማለትም ይቅር። አቅም ያላችሁ መጽሐፉን ግዙ። ደራሲው ብዙ ጊዜ ያሳተመው በራሱ ኪስ ወይም ተበድሮ ነው።

እናንተ አዘጋጆችም ስሙ። ለነገ ፕሮግራም ዛሬ ማታ ማስታወቂያ መልቀቅ ሰው አያመጣም። ቢያንስ ሳምንት ስጡን። የክብር እንግዳ ዘገየ ተብሎ በሰዓቱ የመጣ ታዳሚ አንድ ሰዓት አይጉላላ። እኛ ሰዓት እንድናከብር ከፈለጋችሁ መድረኩ ይቅደም።

ወላጆች፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። ክረምት መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ምን ላይ እንደሚውሉ ታውቃላችሁ፤ ስልክ ላይ። አብርሆት የልጆች ክፍል አለው። አንድ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ሂዱ። በር ላይ ጥላችሁ አትመለሱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ፣ እናንተም መጽሐፍ ያዙ። ስትወጡ የሚቀጥለውን ፕሮግራም መቼ እንደሆነ ጠይቁና ልጁ በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ይጻፈው። ቀኑ ሲደርስ «ዛሬ ደክሞኛል» አትበሉት።