ቀብዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ባንኩ ይናገር

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት መግዛት የሚጀምረው ከደላላ ነው። ደላላው ጠባሴ አካባቢ ይወስድና አንድ ግቢ ያሳያል። ቤቱ ይወደዳል። «ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ» ይባላል። ቀብድ ይከፈላል። ባንክ ቤት የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ከፋዩ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ባንኩ ብድር ከለከለኝ» ብሎ ሻጩን መለማመጥ ብዙም አያዋጣም።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው የዚያን አገር አሠራር ሰምቶ ይሆናል። እዚያ ብዙ ገዢ ቤት መፈለግ ሳይጀምር አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል። ገቢውን፣ ዕዳውንና ቁጠባውን ያሳያል። አበዳሪው «እስከዚህ ድረስ ላበድርህ እችላለሁ» የሚል ደብዳቤ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ቀን ያገለግላል። ብድሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ቤቱ ሲገመት ወይም ሰነዱ ሲጣራ ሊቀር ይችላል። ሰውየው ግን አቅሙን አውቆ ነው ዋጋ የሚከራከረው። የእኛም ባንኮች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይስጡ ባይ ነኝ።

እስቲ እኛም እናስላው። 2 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደርን እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 27,800 ብር ገደማ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ባንኩ በዚሁ ልክ ከለካን፣ ከ83 ሺህ ብር በላይ ደመወዝ ያስፈልጋል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ይህን ከየት ያመጣል? የዩኒቨርሲቲ መምህሩስ? ያስደነግጣል፣ አዎ። ግን ብሩ ኪስ ውስጥ እያለ መደንገጥ ይሻላል።

የግምቱም ጉዳይ አለ። ባንክ የሚያበድረው ሻጩ በጠራው ዋጋ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ተነሥቶ ነው። ግምቱ ከገበያው ካነሰ ልዩነቱ የገዢው ዕዳ ነው።

«ባንኩ ራሱ የሚያበድረው ሳይኖረው ደብዳቤው ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። እንዲህ ባለ ጊዜ ደመወዙ የሚበቃ ሰውም ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ ደብዳቤው ይህንኑ ይጻፍ፦ መጠኑን፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ ብድሩ የሚቀርበትን ምክንያት። «አትችልም» የሚል ደብዳቤ እንኳ ገዢውን ከቀብድ ኪሳራ ያድነዋል። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ያለ ቅርንጫፍ የደመወዝ ማስረጃ አይቶ ይህን ለመጻፍ የቤት ካርታ መጠበቅ የለበትም። «መጀመሪያ ቤቱን አግኝና ና» የሚለው መልስ የሚጠቅመው ደላላውን ብቻ ነው።

ባንኮቹ እስኪጀምሩት ድረስ ገዢው በእጁ ያለ መንገድ አለ። ሕጉ ተዋዋዮች በሌላ እንዲስማሙ ይፈቅዳል ብያለሁ። እንግዲያው «ባንኩ ብድሩን ካልፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ይግባ። ሻጩ ያጉረመርም ይሆናል። ደላላውም ይበሳጫል። ይበሳጭ።